በሩ አየር ላይ የቀረው ፍርድ ቤት

በአሜሪካዋ ፒትስበርግ መሐል ከተማ፣ ግራንት ጎዳና ላይ፣ የአሌጌኒ ካውንቲ ፍርድ ቤት አለ። ግድግዳው ግራናይት፣ ቅስቱ ሰፊ፣ የማማው ቁመት 76 ሜትር ገደማ። ከጎዳናው ማዶ ቆሞ ይህን ሁሉ ሲያይ የቆየ ሰው፣ መንገዱን ተሻግሮ ሲገባ ትልቅ አዳራሽ ይጠብቃል። የሚቀበለው ግን ጠበብ ያለ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ መተላለፊያ ነው። እንዲህ ያለ ግርማ ያለው ሕንፃ እንግዳውን በጓዳ በር የሚያስገባው ለምንድን ነው? ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ሲከነክነኝ ኖሯል። በግንባታ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ አያልፈውም፤ አንድም የተሳሳተ አለ፣ አንድም የሆነ ነገር ተከስቷል።

የሆነው ይህ ነው። ዛሬ ሰው የሚገባው በድሮው ምድር ቤት ነው። ዋናው በር ከራስ በላይ ቀርቷል። ሕንፃው ባለበት ቆሞ መሬቱ ከሥሩ ወረደ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመሬቱ ልጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጭስ የበላው ድንጋይ

ቦታው ቀድሞ ግራንት ሂል የሚባል ኮረብታ ነበር። ስሙ የመጣው ከብሪታንያ ጦር መኮንን ከሻለቃ ጄምስ ግራንት ነው። ግራንት በ1758 እዚሁ ላይ ከፈረንሳዮችና ከአገሬው ተወላጅ ተዋጊዎች ጋር ገጥሞ ድል ሆነ። ተሸንፎ ኮረብታ በስሙ የተጠራለት ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ካውንቲው ኮረብታው ላይ ያሠራው የመጀመሪያ ፍርድ ቤት በ1841 ተጠናቀቀ። አርክቴክቱ ጆን ቺስሌት የግሪክ ቤተ መቅደስ መልክ ሰጠው፤ አናቱ ላይ ጉልላት አስቀመጠለት። ድንጋዩ የአካባቢው አሸዋ ድንጋይ ነበር፤ በደንብ ተለስልሶ የተሠራ። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ እየተላጠ ይወርድ ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ ድንጋይ ትንሽ መናገር ግድ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ሕንፃ ለምን እንዲያ እንደሆነ የሚያስረዳው ይኸው ነውና። አሸዋ ድንጋይ ማለት በማያያዣ የተጣበቀ የአሸዋ ቅንጣት ነው። ማያያዣው ካልሳይት፣ ማለት የኖራ ድንጋይ ማዕድን፣ ከሆነ የከሰል ጭስ ደመኛው ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ከዝናብና ከጤዛ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ካልሳይቱን ወደ ጂፕሰም (ጄሶ) ይለውጠዋል፤ ጂፕሰሙ ቦታ እየፈለገ ይገፋል፤ የድንጋዩ ፊት ያብጥና በስስ በስሱ ይረግፋል። የተቀረጹት ጌጦች መጀመሪያ ይሄዳሉ፤ በብዙ በኩል ለጭሱ የተጋለጡ ስለሆኑ። ፒትስበርግ ደግሞ የብረትና የከሰል ከተማ ነበረች። ያን ሕንፃ እዚያ ጭስ ውስጥ ማቆም ከመጀመሪያውም የማያዛልቅ ነገር ነበር። በ1882 እሳት ጨረሰው።

ግራናይት፣ ማማና አየር

ካውንቲው አምስት አርክቴክቶችን ጋብዞ አወዳደረ። በ1884 መጀመሪያ ላይ ሥራው ለሄንሪ ሆብሰን ሪቻርድሰን ተሰጠ። በ1838 ሉዊዚያና የተወለደ፣ ሃርቫርድ የተማረ፣ ፓሪስ ሄዶ የሠለጠነ፣ የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ከቤተሰቡ የሚላክለትን ገንዘብ ሲያቋርጥበት እዚያው እየሠራ ትምህርቱን የቀጠለ ሰው ነው። ቦስተን ላይ የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ረግረጋማውን መሬት ለማጽናት ወደ 4,500 የሚጠጉ የእንጨት ምሰሶዎች አስቀብሯል። ከመሬት በታች ያለው ነገር የማያስጨንቀው አርክቴክት አልነበረም ለማለት ነው፤ ይህ በኋላ ይጠቅመናል።

ለፒትስበርግ የመረጠው ከማሳቹሴትስ የመጣ፣ ሐምራዊነት የሚነካው ግራጫ ግራናይት ነው። ግራናይት በአብዛኛው ኳርትዝና ፌልድስፓር የሚባሉ ጠንካራ ማዕድናት ነው፤ ጥላሸት ያጠቁረዋል እንጂ አይበላውም። ድንጋዮቹ ትላልቅ ናቸው፤ ጠርዛቸው ተጠርቦ የተስተካከለ፣ ፊታቸው ግን ከድንጋይ ካባው እንደወጣ ሻካራ ሆኖ የቀረ። ለዚህ ውበት ብቻ ምክንያት የሆነው አይመስለኝም። ጭስ በሞላበት ከተማ ስስ ቅርጻ ቅርጽ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ሻካራ ድንጋይ ግን ጥላ የሚጥለው በራሱ ጉብጠት ስለሆነ ቢጠቁርም ቅርጹ አይጠፋም።

ግንበኞቹ የዉስተር፣ ማሳቹሴትስ ሰዎች፣ ኖርክሮስ ወንድማማቾች ነበሩ። የድንጋይ ካባ ያላቸው፣ ከሪቻርድሰን ጋር ብዙ የሠሩ ተቋራጮች። ቅስት እንዴት እንደሚቆም ለማያውቅ፦ መጀመሪያ የእንጨት ቅርጽ ይቆማል፤ ድንጋዮቹ ከሁለቱም ጎን እኩል እኩል እየሆኑ ይወጣሉ፤ አንዱ ጎን ከቀደመ ቅርጹ ይዘነበላል። የአናቱ ድንጋይ ከገባ በኋላ እንጨቱ የሚነሣው ቀስ ብሎ፣ በሁሉም በኩል አንድ ላይ ዝቅ እየተደረገ ነው። ከዚያ በኋላ ቅስቱ ሁልጊዜ ወደ ጎን ይገፋል። የሚመልሰው ግድግዳ ቀጭን ከሆነ ቅስቱ እግሩን ይከፍታል፤ ስንጥቁ የሚታየው ግን እግሩ ጋ ሳይሆን አናቱ ላይ፣ ከሥር በኩል ነው። የሪቻርድሰን ግድግዳ እንዲያ የከበደው ለግርማ ሲባል ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ይህን ይቁጠርበት።

ሕንፃው መሐሉ ላይ ሰፊ ግቢ አለው። ኤሌክትሪክ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ችሎቶችና ቢሮዎች ብርሃን የሚያገኙት ከሁለት ወገን፣ ከመንገዱና ከግቢው፣ ነበር። (ግቢው በኋላ ለረጅም ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቆየ፤ ፏፏቴና መቀመጫ ያገኘው በ1970ዎቹ ነው።) አየሩ ደግሞ ሌላ ዘዴ ፈለገ። መስኮት ከተከፈተ ጥላሸት ይገባል፤ ካልተከፈተ ሰው ይታፈናል። ስለዚህ ከፊት ያለው ትልቁ ማማ የአየር መሳቢያ ተደረገ። ከጭሱ በላይ ካለው ከፍታ አየር ይስባል፤ አየሩ ወርዶ ወደ ክፍሎቹ ይሰራጫል፤ የተጠቀሙበት አየር ከኋላ ባሉት ሁለት ማማዎች ይወጣል። ማማውን እንደ ጌጥ ብቻ የሚያዩ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ሪቻርድሰን ፍጻሜውን አላየም። የኩላሊት በሽታ ነበረበት፤ በሚያዝያ 1886 በ47 ዓመቱ ሞተ። ሰዎች እስካሁን በሠራኋቸው ትንንሽ ነገሮች ካከበሩኝ ፒትስበርግን ሲያዩ ምን ሊሉ ነው እንዳለ ይነገራል። ከፍርድ ቤቱ ጋር አብሮ የነደፈው እስር ቤት በዚያው ዓመት፣ ፍርድ ቤቱ በ1888 አለቀ፤ ሥራውን የፈጸሙት ወራሾቹ ሼፕሊ፣ ሩታንና ኩሊጅ ናቸው። ወጪው ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ።

መሬቱ ሲወርድ

ኮረብታው ለከተማው ሁልጊዜ እሾህ ነበር። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ዳገቱ ላይ ይለግማል፤ የመንገድ ላይ ባቡሩ ይቸገራል፤ የንግዱ ሰፈር ወደ ምሥራቅ መስፋት ሲፈልግ ጉብታው ይገታዋል። ከፍርድ ቤቱ በፊትም በየጊዜው ተቆርጧል። ትልቁ ቆረጣ የመጣው ግን በ1912 ነው። በ1913 ሲያልቅ ግራንት ጎዳና በአንዳንድ ቦታ 16 ጫማ፣ ማለት 5 ሜትር ገደማ፣ ወርዷል።

አንድ ቆሞ ከሚኖር የድንጋይ ሕንፃ ፊት አምስት ሜትር አፈር ሲነሣ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው አደጋ መሠረቱ ነው። መሠረት የሚጸናው ከሥሩ ባለው መሬት ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ የሚይዘው አፈርም ያስፈልገዋል። አፈሩ ሲነሣ መሬቱ ወደ ተከፈተው ጎን ይሸሻል፤ ውርጩም እስከ መሠረቱ ግርጌ ይደርሳል። በፒትስበርግ ብርድ መሠረት ቢያንስ አንድ ሜትር ገደማ አፈር ሊያለብሱት ይገባል። መድኃኒቱ መሠረቱን ወደ ታች ማስረዘም ነው። ይህ የሚሠራው በአንድ ጊዜ አይደለም፦ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቁራጭ ይቆፈራል፣ ይገነባል፣ እስኪጠና ይጠበቃል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው ሳይሆን ዘለል ብሎ ያለው ቁራጭ ይቀጥላል። የቸኮለ ተቋራጭ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቁራጮችን አንድ ላይ ከከፈተ ግድግዳው በአንድ ሌሊት ሊሰምጥ ይችላል። ሁለተኛው ጣጣ ቧንቧው ነው፤ ውሃው፣ ጋዙ፣ ፍሳሹ ሁሉ አየር ላይ ስለሚቀር አብሮ መውረድ አለበት። ሦስተኛው መልክ ነው። ከመሬት በታች ያለ ግድግዳ ማንም አያየውም ተብሎ በተራ ድንጋይ ይገነባል፤ አፈሩ ሲነሣ ገመናው ይገለጣል።

ፍርድ ቤቱ ከመጀመሪያውና ከሦስተኛው ተረፈ። ምክንያቱ ደግሞ ይህን ጉዳይ እንድጽፍበት ያደረገኝ ነው፦ ሪቻርድሰን ጎዳናው አንድ ቀን ሊወርድ እንደሚችል ገምቶ ከመሬት በታች የሚቀበረውን ግድግዳ እንደ ላይኛው በተጠረበ ግራናይት አስጨርሶታል። አፈሩ ሲነሣ የወጣው የሚያሳፍር ግንብ ሳይሆን ለዓመታት ተቀብሮ የኖረ ያለቀ ፊት ነው። ማንም እንዲያየው ያልታሰበን ድንጋይ፣ ምናልባት ይታይ ይሆናል ብሎ፣ በካውንቲው ገንዘብ አስጠርቦ መቅበር! ዛሬ አንድ አርክቴክት ይህን ለባለቤቱ ቢያቀርብ ከስብሰባው በሰላም የሚወጣ አይመስለኝም።

ግድግዳው ተረፈ፤ በሩ ግን አልተረፈም። መግቢያዎቹ አንድ ፎቅ ሙሉ ከመንገዱ በላይ ቀሩ። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ካውንቲው በር አለኝ በሰማይ ሆነ። የመጀመሪያው መፍትሔ ደረጃ ነበር፤ ከመንገዱ እስከ ድሮው በር የሚያወጣ ትልቅ ደረጃ ተሠራ። አላዘለቀም። በ1920ዎቹ መጨረሻ መኪናው በዝቶ ጎዳናው ሲሰፋ ደረጃው ፈረሰ። በሮቹ እስከ መንገዱ ድረስ ወደ ታች ተረዘሙ፤ የድሮው ምድር ቤት መግቢያ አዳራሽ ሆነ። ያ ጠባብ መተላለፊያ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ደጋግሜ እቆማለሁ። ሪቻርድሰን ድንጋዩን ካሰበ በሩን እንዴት ሳያስብ ቀረ? እንደሚመስለኝ ሊያስብ አይችልም ነበር። ግድግዳ ወደ ታች ሲረዝም ግድግዳ ነው፤ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ ሁለት ረድፍ፣ አሥር ረድፍ ቢጨመር ያው ነው። በር ግን እንዲያ አይደለም። ከመንገድ ወደ ቅስቱ፣ ከቅስቱ ወደ አዳራሹ፣ ከአዳራሹ በድንጋይ ቅስቶች መካከል ወደሚወጣው ታላቅ ደረጃ የሚደረገው ጉዞ አንድ ሆኖ የተሰላ ነው። ሪቻርድሰን ሰውን ዝቅ ባለ በር አስገብቶ ሰፋ ወዳለ ቦታ ነበር የሚያወጣው። የ1920ዎቹ ጥገና ይህን ገለበጠው፦ ከውጭ የረዘመ በር፣ ከውስጥ ዝቅ ያለ ጣሪያ። ታላቁ ደረጃ አለ፤ ነገር ግን ለመድረስ መጀመሪያ ከምድር ቤት መውጣት ያስፈልጋል። ጉዳይ ይዞ፣ ልቡ እየመታ ለሚመጣ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ ነበር? ደረጃው ይቆይ ቢባል እግረኛው መንገድ ይጠብባል፤ ክረምት ላይ በረዶ የያዘው የድንጋይ ደረጃ አንገት ይሰብራል። ወለሉ ይነሣ፣ ምድር ቤቱ ከፍ ይበል ቢባል ከላይ ያለውን ፎቅ መንካት ነው፤ በቅስት ላይ የተሸከመ ወለል ደግሞ እንደ ብረት ወለል ተነቅሎ አይተከልም። ለረጅም ጊዜ የ1920ዎቹን መሐንዲሶች ስወቅስ ኖሬአለሁ። አሁን ትንሽ ለዘብ ብያለሁ። ከመንገዱ ያለ ደረጃ መግባት የሚችል ሰው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፋ፣ ጉልበቷ የማይታዘዛት እናት፣ ከዚያ ውበት ይልቅ ይህ ጓዳ ይጠቅማቸዋል። ይህን ሲያደርጉ ማንም ስለ ተሽከርካሪ ወንበር አላሰበ ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን ጥቅም ነው። ጣሪያው ግን አሁንም ያበሳጨኛል።

ጎረቤቱም ተመሳሳይ ዕጣ ነው የደረሰው። ከግራንት ጎዳና ማዶ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን በ1902 የተሠራውን የፍሪክ ሕንፃ ቆረጣው ምድር ቤቱን የመንገድ ፎቅ አድርጎበታል። እዚያ ግን ብዙ ሰው ነገሩን ልብ አይልም፤ የብረት አጽም ያለው ሕንፃ የመንገዱን ፎቅ እንደ ፈለገ ከፍቶ ማሳመር ይችላል። የድንጋይ ሕንፃ ይህ ዕድል የለውም።

ከድልድዩ ማዶ

ከኋላ፣ ከሮስ ጎዳና ማዶ፣ እስር ቤቱ አለ። ለኔ ከፍርድ ቤቱ ይልቅ የሪቻርድሰን እጅ የሚታየው እዚህ ነው፤ ጌጥ የለውም፣ ድንጋይ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ከጎዳናው በላይ የሚሻገር የተሸፈነ የድንጋይ ድልድይ የቬኒስን የሲቃ ድልድይ አምሳያ ነው። ተከሳሽ ከክፍሉ ወጥቶ ጎዳና ሳይረግጥ ችሎት ይደርሳል፤ ዘመድም ወዳጅም መንገድ ላይ አያገኘውም።

ግድግዳ ግን ሁሉን አይጠብቅም። በ1902 ሞት የተፈረደባቸው ሁለት ወንድማማቾች፣ ቢድል የሚባሉ፣ ከዚህ አመለጡ። ግንቡን አልሰበሩትም፤ መጋዝና ሽጉጥ ያስገባችላቸው የእስር ቤቱ አዛዥ ሚስት ኬት ሶፈል ነበረች። አብራቸው ሄደች፤ በማግሥቱ ተይዘው ወንድማማቾቹ ከተኩሱ ቁስል የተነሣ ሞቱ። በ1995 እስረኞቹ ወደ አዲስ እስር ቤት ተዛወሩ፤ የድሮው ታድሶ ከ2000 ጀምሮ የቤተሰብ ጉዳይ ችሎት ሆነ። የእስረኞች ክፍሎች የተወሰኑት እንዳሉ ተጠብቀዋል።

መጋጠሚያውን የሚነካ ሰው

ግራናይት አይበላም ብያለሁ፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ግን ይበላል። የድሮ ግራናይት ሕንፃ ሲታመም አብዛኛው ሕመም ከዚያ ነው ብል አላጋነንሁም። ኖራው ይረግፋል፤ ውሃ ይገባል፤ በክረምት ውሃው በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ድንጋዩን ይገፋል። ድንጋዮቹን እርስ በርስ የያዘ ብረት ካለ ደግሞ ዝገቱ ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ጠርዙን ይሰነጥቀዋል።

ሲጠገን የድሮው ሙሌት ቢያንስ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ወይም ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ይወጣል፤ 12 ሚሊ ሜትር ለሚሰፋ መጋጠሚያ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ላይ ላዩን የተቀባ ሙሌት ሁለት ክረምት አያልፍም። የሚወጣው በመሮና በመዶሻ ቢሆን ይሻላል፤ በግራይንደር የሚቸኩል ሠራተኛ የድንጋዩን ጠርዝ አብሮ ይበላል፣ የተበላ ጠርዝ ደግሞ አይመለስም። አዲሱ ሙሌት ከድንጋዩ የለሰለሰ መሆን አለበት፤ ሲሚንቶ የበዛበት ሙሌት ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ይላቀቅና ስንጥቁ ውሃ የሚጠጣ ጉሮሮ ይሆናል። ሙሌቱ በሁለት ሦስት ንብር፣ እያንዳንዱ ጠበቅ እያለ ይገባል፤ ለጥቂት ቀናት እርጥብ ይደረጋል፤ ከ5 ዲግሪ በታች ብርድ ካለ ሥራው ይቁም። ጥላሸቱን ለማጽዳት አሸዋ መርጨት ደግሞ የድንጋዩን ቆዳ መግፈፍ ነው፤ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ፣ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ተሞክሮ፣ ይበቃል።

የፒትስበርግ ሕንፃ ልጆች፣ ማለት መልኩን ተከትለው የተሠሩ ሕንፃዎች፣ ብዙ ናቸው፤ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው ከተሞችም ይገኛሉ። የዳላስ ቀዩ አሮጌ ፍርድ ቤት በ1892 የተሠራ ነው፤ የሰዓት ማማው በ1919 ወርዶ በ2007 ነው የተመለሰው። የቶሮንቶ አሮጌው የከተማ አዳራሽ፣ ለብዙ ዓመታት ችሎት የነበረው፣ በ1899 ተመረቀ። ድንጋዩ አሸዋ ድንጋይ ነው። ማማው ላይ የነበሩት የአውሬ ቅርጾች ከአርባ ዓመት በኋላ ተበልተው በ1938 ወረዱ፤ ዛሬ ያሉት በ2002 የተተኩ የነሐስ ናቸው። የሚኒያፖሊስ የከተማ አዳራሽና የሄኔፒን ካውንቲ ፍርድ ቤት ደግሞ ግራናይት ነው። እዚያ የምትኖሩ ከዝናብ በኋላ ግድግዳው ሲደርቅ እለፉ፤ ድንጋዩ ደርቆ በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር እርጥበት ከቆየ ውሃው ገብቷል፤ ለጥገና ሰው የሚጠራበት ጊዜ ያ ነው።